የጉንዳን ሽማግሌ

የእህቴ ልጅ ለመስቀል ወደ ቡታጅራ ሲሄድ 24 ጉንዳንና አንዲት ንግሥት አደራ ሰጥቶኝ ሄደ። ሰው ለመንገድ ሲነሳ የቤት ቁልፍ፣ ዶሮ፣ ቢበዛ የዕቁብ ደብተር ነው አደራ የሚሰጠው። ይሄኛው ግን አንድ ግልጽ የፕላስቲክ ዕቃና ግማሽ ሉክ ወረቀት አቀብሎኝ፣ «ጋሼ፣ በሁለት ቀን አንዴ አንድ ጠብታ ማር፣ በሳምንት ሁለቴ የሞተች ዝንብ፤ ሌላ ምንም እንዳይነኩ» ብሎ ወደ ወልቂጤ መናኸሪያ ተፈተለከ። «ሌላ ምንም» የሚለውን ወረቀቱ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ጊዜ አስምሮበታል። ልጁ ያውቀኛል ማለት ነው።

ነገሩ የተጀመረው ሰኔ ላይ ነው። ደህና ዝናብ በጣለ ማግስት ክንፍ ያወጡ ጉንዳኖች ከየጉድጓዳቸው ወጥተው ለጋብቻ ይበራሉ። ወንዶቹ ሠርጉ ሳይበርድ ይሞታሉ፤ ሴቶቹ ክንፋቸውን ጥለው ጎጆ የሚወጡበት ስንጥቅ ፍለጋ መሬት ለመሬት ይሮጣሉ። እኛ በጫማ እየረገጥናቸው ስናልፍ፣ እሱ በስልኩ ፈረንጆች ጉንዳን እንደ ድመት ሲያሳድጉ አይቶ ኖሮ፣ አንዷን አፍሶ ብርጭቆ ቱቦ ውስጥ ከተታት። ቱቦው ሥር ውኃ፣ ውኃው ላይ ጥጥ፣ አፉ ላይ ሌላ ጥጥ፤ ከዚያ ቁምሣጥን ውስጥ ጨለማ። ንግሥቲቱ ለሳምንታት ምግብ የሚባል ሳትቀምስ፣ ዳግም የማትበርበትን የክንፏን ጡንቻ ከውስጥ እያቀለጠች የመጀመሪያ ልጆቿን አሳደገች። እህቴ ይህን በስልክ ስትሰማ «እኔስ ምን በልቼ ነው እናንተን ያሳደግኩት?» ብላ ነገሩን ወደ ራሷ ወሰደችው።

ልጆቹ ሲበረክቱ ወደ ዕቃው አዛወራቸው። እንዳያመልጡ ጠርዙን በሕፃን ፓውደር ቀባ፤ ጉንዳን ቀይ ብርሃን እምብዛም አይታያትም ብሎ ጎጇቸውን በቀይ ፌስታል ሸፈነ። በየቀኑም ይቆጥራቸዋል። ደብተሩ ላይ ሦስት ረድፍ አስምሯል፦ የተወለደ፣ የሞተ፣ የጠፋ። መጀመሪያ ጤንነቱን ተጠራጥሬ ነበር፤ ኋላ ግን ቡታጅራ ያደገ ልጅ ቆጠራ ቢወድ ምን ይገርማል ብዬ ተውኩት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ ቡታጅራና አካባቢዋ ላይ ዘጠኝ የገጠርና አንድ የከተማ ቀበሌ መርጠው፣ ቤት ለቤት እየዞሩ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ገባ፣ ማን ለቀቀ እያሉ ሲመዘግቡ ኖረዋል። ሕዝቡ ሲቆጠር ያደገ ነው። ልጁ ከሰው ወደ ጉንዳን ወረደ እንጂ ሙያው የሰፈሩ ነው።

በሦስተኛው ቀን ማታ መብራት ሄደ። በስልኬ ባትሪ ዕቃውን ሳይ፣ አንዷ የሌላዋን አንቴና በአፏ ይዛ ትጎትታለች። ከእነሱ አለፍ ብሎ ሁለቱ አፍ ለአፍ ገጥመው ተያይዘዋል። ጥግ ላይ ደግሞ አንዷ እህቷን በአፏ አንጠልጥላ፣ የተንጠለጠለችው እግሯን ሰብስባ እንደ ሬሳ ተጠቅልላ፣ ወደ ፌስታሉ ሥር ይዛት ትሄዳለች። ክው አልኩ። በሦስት ቀን አደራ በላሁ፤ በእኔ ዘመን የእርስ በእርስ ጦርነት ተነሳ።

በማግስቱ ጠዋት ዕቃውን አቅፌ ቡና ወደተፈላበት ጎረቤት ቤት ሄድኩ። የመጀመሪያው ስህተቴ ይሄ ነው።

የቤቱ እመቤት ረከቦቱን ገፋ አድርገው አጎነበሱና አንድ ጊዜ ብቻ አይተው «ውርስ ነው» አሉ። እሳቸው ከወንድማቸው ጋር በአንድ የእንሰት ጓሮ ድንበር ዘጠኝ ዓመት ፍርድ ቤት ተመላልሰዋል። የባጃጅ ሾፌሩ «ውርስ አይደለም፣ ተራ ነው፤ ይቺኛዋ ሳትሰለፍ ገብታ ነው» አለ። በዚያው ጠዋት ከተራ አስከባሪ ጋር አንገት ለአንገት ተናንቆ መምጣቱን ሰምተናል። ጡረታ የወጡት መምህር መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው ረጅም ጊዜ ከተመለከቱ በኋላ «የአስተዳደር ችግር ነው» አሉ፤ «ንግሥቲቱ ሥልጣን ወደ ታች አላወረደችም።» እሳቸው ርዕሰ መምህር ሳይሆኑ ነው ጡረታ የወጡት። የወልቂጤ ከተማ ደጋፊ የሆነው ጎረምሳ ደግሞ ጎታቿን ጉንዳን በጣቱ እያሳየ «ይሄ ቀጥታ ቀይ ነው!» ብሎ ጮኸ።

አዲስ ያገባችው የጎረቤት ልጅ ግን ሁሉንም አጣጣለች። «ወንዶች ናቸዋ! ሴት ብትሆን ታልፈው ነበር።» ኋላ እንደተረዳሁት ዕቃው ውስጥ አንድም ወንድ የለም። ጉንዳን ቤት የሚቆፍረው፣ ልጅ የሚያሳድገው፣ ምግብ የሚያመጣው፣ ጠላት ሲመጣ የሚዋደቀው ሁሉ ሴት ነው፤ ወንዱ የሚፈለገው ለሠርጉ ቀን ብቻ ነው። ይህን መልሼ ብነግራት «ታዲያ እዚህስ ምን ይለያል?» አለችኝ።

በረካው ሲቀዳ ጉባኤው ስምምነት ላይ ደረሰ፦ ጠበኞቹ ይገላገሉ። እኔ ስቴኪኒ ያዝኩ። መምህሩ ክዳኑን ያዙ። ሾፌሩ በስልኩ አበራ። እመቤቲቱ እንዳይከፋብን ከጀርባ ሆነው ይጸልያሉ። አንዷን ከሌላዋ ሳላቅቅ ቀጭን እንደ ፀጉር የሆነች ነገር ስቴኪኒው ጫፍ ላይ ቀረች። መምህሩ መነጽራቸውን አስተካክለው አዩና «እግር ነው» አሉ። ሁላችንም ዝም አልን። በዚያ ዕቃ ውስጥ እስከዚያች ሰዓት ድረስ የደረሰው ብቸኛ የአካል ጉዳት ሽማግሌዎቹ ያደረሱት ነበር።

ማታ ወደ ቡታጅራ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ስትጎትታት የሆዷን ጫፍ ወደ ፊት ቀልብሳ ነበር?»

«የምን ሆድ?»

«ለመንደፍ ወይም መርዝ ለመርጨት ሆዷን ታጥፍ ነበር ወይ?»

«አይ፣ እንደሱ አላየሁም።»

«የተጎተተችውስ ትታገል ነበር ወይስ ዝም ብላ ቆማ ነበር?»

ዝም ብላ ቆማ ነበር። አሁን ሳስበው እንዲያውም አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ ደስ ብሏት የቆመች ነው የምትመስለው።

«እንግዲያው እያጸዳቻት ነው!» አለኝ። ጉንዳኖች አንዷ የሌላዋን አንቴናና እግር በአፏ እየሳበች፣ እየላሰች አቧራና ሻጋታ ታነሳላታለች። ልክ ነዋ። በአጥር ቀዳዳ ሹሩባ ሲሠራ ያየ ሰውም ቢሆን ያንን አንገት ጠምዝዞ ፀጉር መንጨት፣ ያንን የሕፃን ልቅሶ፣ በጉልበት መሃል ጭንቅላት ቀርቅሮ መያዝ፣ ፍቅር ነው ብሎ አያስብም። አፍ ለአፍ የተያያዙት ደግሞ እየተጎራረሱ ነበር። ጉንዳን ሁለት ሆድ አላት፤ አንዱ የግሏ፣ አንዱ የማኅበር። ደጅ ወጥታ ማር የቀመሰች በማኅበሩ ሆዷ ይዛ ትመጣና ቤት ለዋለችው ከአፏ ወደ አፏ ታጎርሳታለች። እንደ ሬሳ የተጠቀለለችውስ? ተሸክመዋት ነው። አንዱን ጥግ ለቀው ወደ ሌላው ሲዛወሩ መንገዱን የምታውቀው የማታውቀውን አንጠልጥላ ትወስዳታለች፤ ተሸካሚዋ እንዳይከብዳት ደግሞ እሷ እግሯን ትሰበስብላታለች። ከዚህ በላይ ትብብር የለም።

«ታዲያ የእውነት ጥል መሆኑን በምን አውቃለሁ?»

«ተያይዘው ለሰዓታት ሳይላቀቁ ከቆዩ፣ ጠዋት ሬሳ ካገኙ፣ ወይ ደግሞ እግር ከተቆረጠ።» ትንሽ ዝም አለና «ጋሼ፣ እግር ተቆርጧል እንዴ?» አለኝ።

እዚህ ላይ ኔትወርክ ተቆራረጠብኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ ያስታወስኩት የክትፎ ቤቱን ነው። ከጥቂት ቀናት በፊት መናኸሪያው አካባቢ አንድ ክትፎ ቤት ተቀምጬ ነበር። ከፊት ለፊቴ ሙሉ ልብስ የለበሱ ሁለት ጎልማሶች ጣባቸውን አጽድተው፣ የመጨረሻዋን ቆጮ ከአይብ ጋር ጠቅልለው ተጎራርሰው ጨረሱ። ጉርሻው ራሱ ቀላል አልነበረም፤ አንደኛው «በቃኝ» እያለ አፉን ሲያዞር ሌላው በግራ እጁ አገጩን ይዞ ነው ያጎረሰው። ከዚያ ሒሳብ መጣ። የቀኙ እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ የግራው ክንዱን ጠምዝዞ ያዘው። የቀኙ በትከሻው ገፋው። «በእናትህ!» «እኔ ቁሜ አንተ አትከፍልም!» «ሙት አልኩህ!» ወንበር ወደቀ፣ የሚጥሚጣው ዕቃ ተገለበጠ፣ አስተናጋጇ ሁለት እጅ ብር ፊቷ ላይ ሲወራወር ትሪዋን እንደ ጋሻ ከለለችበት። አገር የማያውቅ ሰው ቢያይ ፖሊስ ይጠራል። ጥቂት ቆይተው ተቃቅፈው፣ አንዱ የአንዱን ኮሌታ እያቃና ወጡ።

በዚያው ሰዓት ጥጉ ጠረጴዛ ላይ ሌሎች ሁለት ሰዎች ነበሩ። ድምፃቸው ሳይሰማ በሉ። እየተሳሳቁ፣ ውኃ እየተቀዳዱ። ሒሳብ ሲመጣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቆጥረው አስቀመጡ፣ በትህትና እጅ ተነሳስተው በተለያየ በር ወጡ። አስተናጋጇ ጎንበስ ብላ «ወንድማማቾች ናቸው፤ ተካሰዋል» አለችኝ። ጉንዳን ይህን አትችልም። ስትጠላ ትነክሳለች፤ ፈገግታ አልተሰጣትም።

ስለ ጉንዳን የምናውቀው ሁሉ ከአንደኛ ደረጃ መማሪያ መጽሐፍ የቀረ ነው፦ ታታሪ፣ ቆጣቢ፣ አንድነቷ የጸና። ጉራጌን ማሞገስ የፈለገ ተናጋሪም ጉንዳንን ሳይጠራ ከመድረክ አይወርድም፤ ቀጥሎ በ1950ዎቹ መንግሥትን ሳይጠብቅ ማኅበር አቋቁሞ፣ ገንዘብ አዋጥቶ መንገድ ያወጣ ሕዝብ መሆኑን ይናገራል። መንገዱ እውነት ነው። ነገር ግን አባቶቻችን መንገዱ በየት መንደር በኩል ይለፍ የሚለውን ሳይጨቃጨቁ ወሰኑ ብሎ የሚያምን ሰው ካለ፣ እሱ ስብሰባ ገብቶ አያውቅም።

እህትማማች ጉንዳኖችም ቢሆኑ የእውነት የሚጣሉበት ጊዜ አለ። በአንዳንድ ዝርያ ሠራተኛዋ ንግሥቲቱን ደብቃ እንቁላል ስትጥል እህቶቿ ይደርሱባታል፤ እግሯንና አንቴናዋን ከየአቅጣጫው ይዘው ወጥረው ያቆዩአታል፣ እንቁላሏንም ይበሉባታል። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ህንድ አገር ያለችው ዘላይ ጉንዳን ነገር ነው። ንግሥቷ ስትሞት ሠራተኞቹ ለዙፋኑ ይወዳደራሉ። ውድድሩ በአንቴና መገራረፍ ነው፤ እስከ 40 ቀን ይዘልቃል፣ ማንም አይሞትም። ያሸነፉት እንቁላል መጣል ይጀምራሉ፣ ዕድሜያቸው ይረዝማል፣ አንጎላቸው ደግሞ እስከ ሩብ ያህል ይቀንሳል። ለምን ያስፈልጋቸዋል? አዳኝ አይደሉ፣ ደጅ አይወጡ፣ ቁጭ ብለው መብላት ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ጥናት እንዳሳየው፣ ከሹመታቸው ተነስተው ወደ ሥራ ሲመለሱ አንጎላቸውም ወደ ቀድሞ መጠኑ ይመለሳል። ይህን ለእድራችን ሊቀ መንበር ለመንገር ሁለት ጊዜ ተነሳስቼ ሁለቴም ቀረሁ። አሁንም ወንበሩ ላይ ናቸው፤ ሲወርዱ እነግራቸዋለሁ፤ ያኔ ይገባቸዋል።

አሁን ወደ ወንጀሌ ልምጣ።

የተቆረጠችው እግር ሕሊናዬን በላችው። ልጁ ሲመጣ ቢያንስ ቁጥሩ ሞልቶ፣ ተርፎም ቢያገኘው ይቅር ይለኛል ብዬ አሰብኩ። ጓሮ፣ ከዘይቱና ዛፉ ሥር፣ በመልክም በቁመትም የእሱን ጉንዳኖች ቁርጥ የሆኑ ይመላለሳሉ። ስድስት ለቅሜ በክብሪት ሣጥን አስገባሁ። ጉንዳን ጉንዳን ነው፤ ጥቁር ከጥቁር፣ የወልቂጤ ከወልቂጤ። ክዳኑን ከፍቼ አራገፍኳቸው።

መጀመሪያ ሁሉም ቀጥ አለ። አንዷ የቤት ልጅ ቀርባ የእንግዳዋን ጀርባ በአንቴናዋ ነካ አደረገች፤ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ መታወቂያ እንደሚያገላብጥ የኬላ ዘበኛ። ከዚያ ወደ ኋላ ሸርተት አለችና አፏን ከፈተች። ከዚያ በኋላ የሆነውን ልጁ በስልክ ከነገረኝ ጋር አንድ በአንድ አመሳከርኩት። ሆድ ታጠፈ። እግር ተያዘ፣ አንዷን ሦስት ሆነው ከሦስት በኩል ወጠሯት። ለሰዓታት አልተላቀቁም። አሁን ጉርሻ አይደለም። ስቴኪኒዬን አነሳሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩ። ጠዋት ላይ ስድስቱም እንግዶች ሞተው፣ ከባለቤቶቹም አምስት ሞተው አገኘሁ። ባለ አምስት እግሯ ተርፋለች።

ነገሩ የሽታ ነው። ጉንዳን በቆዳዋ ላይ ስስ የሰም ቅባት አላት፤ የእያንዳንዱ ጎጆ ቅባት ቅመሙ ይለያል። ከፊሉ ከትውልድ፣ ከፊሉ ከሚበላው፣ ከፊሉ ከሚኖሩበት ቤት የሚመጣ ነው። ያ ሁሉ መላላስ፣ ያ ሁሉ መጎራረስ ደግሞ ቅባቱን ያዳርሰዋል፤ ሁሉም አንድ አንድ ይሸታሉ። ለካ ጉርሻው የፋይዳ ቁጥር ማደያ ነው። ሽታው የተለየባት ጉንዳን እህቷም ብትሆን አታውቃትም። እ.ኤ.አ. በ2000 አሜሪካ ውስጥ ሁለት ተመራማሪዎች የአርጀንቲና ጉንዳን የሚባሉትን ከአንድ ጎጆ ወስደው ለሁለት ከፈሏቸው፤ ለአንደኛው ወገን አንድ ዓይነት በረሮ እያበሉ አቆዩአቸው። የበረሮው ቅባት ቆዳቸው ላይ ወጣ። መልሰው ሲያገናኟቸው ትናንት ሲጎራረሱ የነበሩ እህትማማቾች ተናከሱ። በአመጋገብ ብቻ!

መቼም በመስቀል ሰሞን ጉራጌ አገር የከረመ ሰው ይህን ለማመን ቤተ ሙከራ አያስፈልገውም። መርካቶ ሱቁን ዘግቶ፣ ዓመት ሙሉ ያልታየ ልጅ አዲስ ጫማ አድርጎ፣ ሽቶ ተቀብቶ ከመኪና ሲወርድ መጀመሪያ የሚጮህበት የገዛ ቤቱ ውሻ ነው። ያው ውሻ በየሳምንቱ ሸንኮራ ለሚሰርቀው የጎረቤት ልጅ ጅራቱን ይቆላል። ውሻው ዝም ሲል አያት ይቀጥላሉ። ቀርበው ትከሻውን ይስማሉ፣ ትንሽ ራቅ ብለው ያዩታል፣ ከዚያ ቆጮ ያቀርቡለታል። በላ፣ የእኛ ነው። «ትንሽ ሆዴን…» ካለ ግን ዕዳ ገባ። «አዲስ አበባ ምን እያበሉት ነው?» የሚለው ጥያቄ እስከ ክትፎው ቀን ድረስ ከጓዳ ወደ ጓዳ ይዞራል። አነጋገሩም አለ። አንድ ቃል ሰምተው ቸሃ ነህ፣ መስቃን ነህ፣ ሶዶ ነህ፣ እነሞር ነህ የሚሉ፣ ከአንቴና የማያንስ ጆሮ ያላቸው አዛውንቶች አውቃለሁ። ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ከሆነች ወዲህማ ቡና ላይ አንዱ «ጉንዳኖቹ የባለቤታቸው ዞን ሽታ ይዘው ይሆናል፣ ለዚህ ነው የወልቂጤዎቹን ያልተቀበሉት» ብሎ ነገሩን ሊያስፋው ሞክሮ ነበር። ንግሥቲቱ የተያዘችው ከእኔው በር ላይ መሆኑን ስነግረው ቅር አለው።

ሽታ ሲያሳስት ደግሞ ያሳስታል። ኤድዋርድ ዊልሰን የሚባለው አሜሪካዊ የጉንዳን ሊቅ በ1950ዎቹ (በእነሱ አቆጣጠር) የሞተች ጉንዳን የምታወጣውን ቅባት ወስዶ በደህነኛዋ ላይ ቀባው። እህቶቿ ወዲያው አንስተው ወደ መቃብራቸው ወሰዷት። እየተራገጠች! ተመልሳ መጣች፤ እንደገና ወሰዷት። ራሷን ልሳ እስክትጸዳ ድረስ ሙት ናት። እኛም ሰፈር «ከስሯል» የሚል ሽታ የተቀባ አንድ ነጋዴ አለ፤ ሱቁ እስከ ዛሬ ክፍት ነው፣ ዱቤ የሚሰጠው ግን የለም።

ሁሉም ጉንዳን እንዲህ ጠባብ ነው እንዳልል የሚከለክለኝ የራሳችን አገር ነገር አለ። በሰሜን ኢትዮጵያ የአብያተ ክርስቲያናት ደኖችና አካባቢያቸው ላይ የተሠራ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ ሆነ። ከአጥኚዎቹ አንዱ ብዙዎቻችን በ«እመጓ» ደራሲነቱ የምናውቀው ዓለማየሁ ዋሴ ነው፤ ሙያው የደን ሥነ ምህዳር ነው። ስለ አንዲት ትንሽ ጥቁር ጉንዳን ነው የጻፉት፤ ሳይንሳዊ ስሟ ሌፒሲዮታ ካኔሴንስ። እነሱም ያደረጉት እኔ ያደረግኩትን ነው፦ ጉንዳን ከተለያየ ቦታ ለቅሞ አንድ ዕቃ ውስጥ ማገናኘትና ይጣሉ አይጣሉ ማየት። ልዩነታችን እነሱ የሚሠሩትን ማወቃቸው ነው። ያገኙት አንዱ ማኅበር እስከ 38 ኪሎ ሜትር የተንሰራፋ ነበር። ከወልቂጤ ተነስታችሁ ወደ አዲስ አበባ አቅጣጫ ብትነዱ ወሊሶ ልትገቡ ትንሽ ሲቀራችሁ ማለት ነው፤ ከዚህ ጫፍ ያለችው ከዚያ ጫፍ ካለችው ጋር ስትገናኝ በአንቴና ነካ ነካ ተደራርገው ይተላለፋሉ። ቅርብ ዘመዳሞች ናቸው እንዳይባል፣ ዘራቸው ሲመረመር የተለያየ ነው። ቅዱሳን ናቸው ማለቴ አይደለም፤ ከድንበራቸው ማዶ ያለውን ሌላ ማኅበር ሲያገኙ እንደ ማንኛውም ጉንዳን ይናከሳሉ። 38 ኪሎ ሜትር ግን ቀላል አይደለም። እኔ የማውቀው እድር በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ ተሰንጥቆ ሁለት ድንኳን ገዝቷል።

ልጁ ከመስቀል ሲመለስ በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ ይዞልኝ መጣ። እህቴ «እሱ ቤት ምን አለ ብለህ» ብላ ነው የላከችው። ገና ጫማውን ሳያወልቅ ፌስታሉን ገለጥ አድርጎ ቆጠረ። እኔ ምድጃው ጋ ሥራ ፈልጌ ቆምኩ። ደግሞ ቆጠረ። የክብሪት ሣጥኑን መስኮቱ ላይ አየው፣ ስቴኪኒውን አየው፣ እኔን አየኝ። አንድም ቃል አልተናገረም፤ ያደገበት ቤት ለትልቅ ሰው ቃል አይመለስበትም።

ማታ ከተኛ በኋላ ደብተሩን ሰርቄ ገለጥኩ። 19 ሠራተኛ፣ አንዲት ንግሥት። ከሦስቱ ረድፍ ጎን በማስመሪያ አራተኛ ተሰምሯል። አናቱ ላይ «በጋሼ ምክንያት» ይላል። ሥሩ «5 ሞት፣ 1 እግር» ተጽፎበታል።